ውስጡ አምፑል አለው?

መርካቶ የማይሸጥ ነገር የለም ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሻጩ ሳይሆን ገዢው ነው። ምን አለሽ ተራ ገብታችሁ አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር ስታዩ «ይሄን ደግሞ ማን አባቱ ይገዛዋል?» ብላችሁ ፈገግታችሁን ሳትጨርሱ፣ ጎንበስ ብሎ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ይመጣል። ክዳን የሌለው ድስት፣ ድስት የሌለው ክዳን፣ መሪ የሌለው ብስክሌት፣ ባለቤቱ የጠፋበት የግራ እግር ጫማ፣ ሁሉም ቀኑ እስኪደርስ ተደርድሮ ይጠብቃል። ቀኑም አይቀር፣ ይደርሳል።

ሰሞኑን ቀን የወጣለት ራዲዮግራም ነው።

ለወጣቶቹ ላስተዋውቅ፣ ለአንጋፋዎቹ ላስታውስ። ራዲዮግራም ማለት ራዲዮና ሸክላ ማጫወቻ በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተዳብለው የሚኖሩበት፣ በአራት ቀጫጭን እግሮች የቆመ፣ ርዝመቱ ከሶፋ የማይተናነስ ዕቃ ነው። ክዳኑ ወደ ላይ ይነሣል፣ ወይም በሩ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ፊቱ በቫርኒሽ ያብለጨልጫል፤ ድምፅ ማጉያዎቹ ወርቃማ ክር የገባበት ጨርቅ ለብሰዋል። በጃንሆይ ዘመን ሳሎኑ ውስጥ ግሩንዲግ፣ ቴሌፉንከን ወይም ፊሊፕስ ያቆመ ሰው ስለ ኑሮው ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም ነበር።

የዛሬው ፈላጊ ሌላ ነው። ጢሙ በሥርዓት የተከረከመ፣ ነጭ ስኒከሩን ከመርካቶ ጭቃ ለማዳን በእግሩ ጣት የሚራመድ ልጅ እግር ነው። ወይ ካፌ ሊከፍት ነው፣ ወይ አዲስ ቤት ገብቷል፣ ወይ ደግሞ (ከሁለቱም የባሰው ይሄ ነው) «የሙዚቃ ሰው» ሆኗል። ነጋዴውን እንደምን ዋልክ ሳይል፣ ዋጋ ሳይጠይቅ፣ ዕቃውም ይሠራ እንደሆነ ሳያጣራ የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነው፦

«ውስጡ አምፑል አለው ወይስ ትራንዚስተር ነው?»

ነጋዴው በዚህ ተራ ስንት ዓመት የኖረ ሰው ነው። መልሱም የተዘጋጀ ነው፦ «የፈለግኸው አለው፣ ወንድሜ።»

ጥያቄው እንደ ቀልድ ተጀምሮ አሁን የከተማችንን ሸክላ ወዳጆች ለሁለት ከፍሏቸዋል። ቡናና ጊዮርጊስ ለጊዜው ይቆዩን። ባለ አምፑሎቹ «ድምፁ ይሞቃል፣ ነፍስ አለው፣ ዘፋኙ አጠገብህ የተቀመጠ ይመስልሃል» ይላሉ። ባለ ትራንዚስተሮቹ «ድምፁ ይጠራል፣ አይግልም፣ አይቃጠልም፣ ባሱ ይመታል» ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩ ሲጋጋል ያዳመጠ ሰው እያንዳንዳቸው ቤት ውስጥ ቢያንስ ሁለት የሚሠሩ ራዲዮግራሞች ያሉ ይመስለዋል። አብዛኞቹ አንድም የላቸውም።

እውቀታቸው ግን አይናቅም። አምፑል የሚሉት ቫልቭ የሚባለውን የመስታወት ቱቦ መሆኑን፣ የመጀመሪያውን እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 እንደሠራው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት አንድ ተጨማሪ ሽቦ አግብቶበት ድምፅ ለማጉላት እንዳበቃው በዩቲዩብ ሸምድደውታል። አየሩ በተመጠጠ ብርጭቆ ውስጥ ክሩ ሲግል ኤሌክትሮን እንደሚበትን፣ መሃል ላይ ያለችው ሽቦ ደግሞ ፍሰቱን አንዴ ጠበብ አንዴ ሰፋ እያደረገች ደካማውን ምልክት እንደምታጎላው ይነግሯችኋል። ትራንዚስተር ይህንኑ ሥራ ያለ ብርጭቆና ያለ ግለት እንደሚሠራ፣ ባርዲን፣ ብራቴይንና ሾክሌይ እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ለዚህ እንደበቁና በ1956 ኖቤል እንደተሸለሙበት ያውቃሉ። ቢሆንም የሳሎን ራዲዮግራሞች እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአምፑል እንደቆዩ ይጨምሩላችኋል።

ነጋዴው ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተማረ ደንበኛ ዋጋ አያስቀንስም። ምንም የማያውቅ ሰው ሣጥኑን በእግሩ ነካ አድርጎ «ይሄ አሮጌ ሣንቃ ነው፣ ባክህ» እያለ ዋጋውን ወደ ታች ይጎትታል። አዋቂው ግን ጀርባውን ከፍቶ «ኢኤል 84 ነው እንዴ! ኢሲሲ 83ም አለው!» ብሎ ይጮኻል። ነጋዴው ኢኤል ምን እንደሆነ አይገባውም፤ ጩኸቱ ግን ይገባዋል። ከጩኸቱ በፊት የነበረው ዋጋና ከጩኸቱ በኋላ ያለው ዋጋ ዳግመኛ አይገናኙም።

ከሁለቱ ወገኖች የትኛው ልክ ነው? ሁለቱም፣ በመጠኑ። አምፑል ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ድምፁን በድንገት አይቆርጠውም፤ ቀስ አድርጎ ያለዝበዋል። የሚጨምርበት መዛባት አብዛኛው ከዋናው ቃና አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ የሚስማማ ስለሆነ ጆሮ እንደ ጥፋት አይቆጥረውም፤ እንዲያውም ይወደዋል። ትራንዚስተር አቅሙ ሲያልቅ የድምፁን ጫፍ ጨርፎ ይጥለዋል፤ ያ ይሰነፍጣል። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ የትራንዚስተር ማጉያዎች ውስጥ ጥንዶቹ ትራንዚስተሮች ሥራ በሚቀባበሉበት ቅጽበት ሻካራ ድምፅ ይፈጠር ነበር፤ ስማቸው የጎደፈው ያኔ ነው። ኋላ የመጡት ግን በመሣሪያ ከተለኩ ከአምፑሉ የጠራ ድምፅ ያወጣሉ፤ ባሱንም ጠበቅ አድርገው ይይዙታል። አንድ ኢኤል 84 ብቻውን የሚሰጠው ጉልበት ቢበዛ አምስት ዋት ገደማ ነው። ለአንድ ሳሎን ይበቃል፤ ጎረቤት ለማስቆጣት ግን አይበቃም። ዛሬ የድምፅ ማጫወቻ ዋጋ በሚያስቆጣው ጎረቤት ብዛት በሚለካበት ከተማ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልክ የሚሆነው ዕቃዎቹ አዲስ እያሉ ነው። ከፋብሪካ ከወጣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ራዲዮግራም ውስጥ የወረቀት ኮንደንሰሮቹ ኤሌክትሪክ ያፈሳሉ፣ የማጣሪያዎቹ ፈሳሽ ደርቋል፣ የድምፅ ማጉያው ወረቀት ተኮማትሯል። ስለዚህ ምን አለሽ ተራ ውስጥ የሚፎካከሩት አምፑልና ትራንዚስተር አይደሉም፤ የደረቀ ኮንደንሰርና የደረቀ ኮንደንሰር ናቸው። «ሞቅ ያለ ድምፅ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ቀጭኑ ድምፅ በእርጅና ጠፍቶ ወፍራሙ ብቻውን ሲቀር የሚሰማው ነው። ሲምባሉ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ቀልድ የሌለበት ነገር ላስገባ። ባለ አምፑሉ ውስጥ ከ250 እስከ 300 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኮንደንሰሩ ውስጥ አድብቶ ሊቆይ ይችላል። ጀርባውን ከፍቶ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ በሌላው «ይሄ ምንድን ነው?» እያለ የሚነካካ ሰው ቪዲዮውን የሚለጥፍለት ሌላ ሰው ሊያስፈልገው ነው። ብዙዎቹ የጀርመን ሥሪቶች ደግሞ ኤሌክትሪኩን የሚያቀኑት በሴሌኒየም ነው። ሴሌኒየም ሲቃጠል ሽታው እንግዳ ያስነሣል። ያኔ «ነፍስ አለው» የተባለው ነፍሱ እየወጣ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የብርሃኑ ጉዳይ ነው። የባለ አምፑሎቹ ፍቅር ከጆሮ ይልቅ ከዓይን ይጀምራል፤ ያቺ ብርቱካናማ ፍም ናት የምትማርካቸው። ችግሩ የራዲዮግራም አምፑሎች ያሉት ከጀርባ ነው። የሠሩት ጀርመኖች አምፑል የሚያምር ነገር መሆኑን ማንም ስላልነገራቸው በቀዳዳ ካርቶን ሸፍነው ወደ ግድግዳ አዙረውታል። ከፊት ያስቀመጡት ጣቢያ በትክክል ሲያዝ የምትጠበውን አረንጓዴ ዓይን ብቻ ነው። ቦሌ አካባቢ አንድ ካፌ ገብቼ ያየሁት መፍትሔ ታዲያ ይህ ነበር፦ ራዲዮግራሙ ፊቱን ለግድግዳ፣ ጀርባውን ለእንግዳ ሰጥቶ ቆሟል። ካርቶኑ ተነሥቶ አምፑሎቹ ፍም መስለው ይታያሉ፤ ልጆቹ አጠገቡ እየቆሙ ፎቶ ይነሣሉ። ሙዚቃውን የሚሰማው ግድግዳው ነው። ዘፈኑ የማን እንደሆነ አስተናጋጇን ስጠይቃት «እኔ እንጃ፣ ጋሼ፣ እዚህ አይሰማም» አለችኝ።

እንዲህ ስል የድሮዎቹ የተሻሉ ነበሩ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የድሮ አባወራም ራዲዮግራሙን የገዛው ሊያዳምጠው ብቻ አልነበረም። ዕቃው ቁልፍ ነበረው። ቁልፉ ያለው ጋሼ ኪስ ውስጥ ነው። ከላዩ ዳንቴል ተነጥፎበታል፤ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የሠርግ ፎቶ አለ። ሸክላ ለማጫወት ፎቶው፣ አበባው፣ ዳንቴሉ ተራ በተራ መነሣት ስላለበት እንግዳ ካልመጣ ማንም አይደክምም። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጋሼ ራዲዮውን ይከፍቱና አምፑሉ እስኪሞቅ ድረስ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ልጆች ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ማሳያው ላይ ሂልቨርሰም፣ ቤሮሙንስተር፣ ሉክሰምቡርግ የሚሉ የጣቢያ ስሞች ተደርድረዋል። ጋሼ መርፌውን ሉክሰምቡርግ ላይ አድርሰው የሚሰሙት ፍሽፍሽታ ነው፤ ቢሆንም የሉክሰምቡርግ ፍሽፍሽታ ነው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ።

አብዮቱ ሲመጣ ዕቃው ማዕረጉን አጣ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ከቤቱ ጋር ቪላ የሚያህለው ሳሎንም ሄደ። ሰዓት እላፊ ገባ፤ የማታ እንግዳ ቀረ። ካሴት መጣ፤ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ቴፕ ሙሉውን ሣጥን ሥራ አስፈታው። ራዲዮግራሙ ላይ ቴሌቪዥን ተጫነበት። ሸክላ የሚቀመጥበት ክፍል የብርጭቆ መደርደሪያ፣ ቀጥሎ የልጆች መጫወቻ፣ ቀጥሎ የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆነ። በመጨረሻ አንድ ቀን እትዬ «ይሄ ቤት አጣበበብን» አሉና «ቆራሌው!» እያለ በበር ያለፈውን ልጅ ጠሩት። ወይም ልዋጭ አልፎ ነበር፤ ያኔ የጀርመኑ የእጅ ሥራ በፕላስቲክ ባልዲ ተለወጠ። ባልዲዋ እስከ ዛሬ ልትኖር ትችላለች።

እትዬ ያስወጡትን ዛሬ የልጅ ልጃቸው ምን አለሽ ተራ ድረስ ሄዶ መልሶ ይገዛዋል። የሽንኩርቱ ሽታ አልጠፋም። ነጋዴው «ኦርጅናል የዱሮ ሽታው ነው» ብሎ ያስረዳል።

መቼም ሸክላ ማጫወቻ የገዛ ሰው ሸክላ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ነገሩ ይከራል። የእኛ ሸክላ ዘመን አጭር ነበር። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ጊዜ ወጣቱ አምሃ እሸቴ ክልከላውን ቸል ብሎ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን መሠረተ፤ የመጀመሪያውን የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላም ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። ሳይቆይ ፊሊፕስ፣ ከዚያም አሊ ታንጎ በሚል ስም የምናውቃቸው አሊ አብደላ ኬይፋ ተከተሉ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሁሉም ነገር በካሴት ተተካ። በዚህች አሥር ዓመት በማትሞላ ጊዜ የታተሙት በአብዛኛው በየፊታቸው አንድ ዘፈን የያዙ ትናንሽ ሸክላዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ሞኖ ናቸው። በግራና በቀኝ ድምፅ ማጉያ መካከል ያለውን የስቴሪዮ ልዩነት በአምፑልና በትራንዚስተር የሚያነጻጽረው ወዳጃችን በሁለቱም በኩል የሚሰማው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። የተለየ ከሰማ አንዱ ወገን ተበላሽቷል።

ፈረንሣዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ አልበም እነዚያን ዘፈኖች ለዓለም ካስተዋወቀ በኋላ፣ የውጭ ሰብሳቢዎች ትናንሾቹን ሸክላዎች በዶላር መጫረት ያዙ። ደህና ሆኖ የተገኘ አንድ ሸክላ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ይህን ውድ ነገር የአያት ራዲዮግራም ላይ ማስቀመጥ ታዲያ ደፋርነት ነው። የዘመኑ ማጫወቻ ክንድ ሸክላው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ግራም ገደማ ነው። የድሮው አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴ ስምንት ግራም ይጫናል። መርፌው ሰንፔር ከሆነ ዕድሜው በአሥር ቤት የሚቆጠሩ ሰዓታት ነበር፤ እነዚያ ሰዓታት በ1950ዎቹ ዓ.ም. አልቀዋል። የቀረው ጉማጅ ውዱን ሸክላ እንደ ማረሻ ይገለብጠዋል። ባለ አምፑል ይሁን ባለ ትራንዚስተር ለሸክላው ለውጥ የለውም፤ ገዳዩ አንድ ነው። ይህን ለአንድ የሙዚቃ ሰው ብነግረው በሐዘን አየኝና «ግን የመሰንጠቅ ድምፁን ሰምተኸዋል? ቻ ቻ ቻ የሚለውን? ያ እኮ ነው ሙዱ» አለኝ። ሸክላው እየታረሰ የሚያሰማውን ጩኸት ነው።

ራዲዮውስ? በራዲዮ በኩል ያገኘሁት ፌዝ ማንም አስቦ የሠራው አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከወጡት የጀርመን ሥሪቶች ብዙዎቹ ኤፍኤም አላቸው፤ ግን ማሳያው 100 ላይ ያልቃል፤ የዚያ ጊዜ የአውሮፓ ስርጭት እስከዚያ ነበርና። ስለዚህ የአያት ግሩንዲግ በ1992 ዓ.ም. የጀመረውን ኤፍኤም አዲስ 97.1ን ያለ ችግር ይይዛል፤ ፋና 98.1ንም ይይዛል። ሸገር 102.1 ላይ ሲደርስ መርፌው ከእንጨቱ ጋር ይጋጫል። የድሮ ዘፈንና የድሮ ጨዋታ ሲያምረው ሸገርን የሚከፍተው ሰው ለዚሁ ናፍቆት ብሎ በገዛው ዕቃ ሸገርን ማግኘት አይችልም። ስልኩን አውጥቶ ራዲዮግራሙ ላይ አስቀምጦ ያዳምጣል። ከርቀት ሲያዩት ያምራል።

ወደ ውጭ አገር ወገኖቻችን ልለፍ፤ እነሱም በዚህ ሞኝነት ድርሻ አላቸው። አሜሪካ ውስጥ ማግናቮክስ፣ ዜኒትና አርሲኤ የሠሯቸው ትልልቅ ራዲዮግራሞች ባለቤት ሲያረጅ ወይም ቤት ሲለቅ «የፈለገ በነፃ ይውሰድ» ተብሎ መንገድ ዳር የሚቆሙ ዕቃዎች ናቸው። ከቨርጂኒያ የመጣ አንድ ጎልማሳ ከመንገድ ዳር በነፃ ያገኘውን ማግናቮክስ በኮንቴይነር ጭኖ፣ ቀረጥ ከፍሎ፣ አዲስ አበባ አድርሶታል። የነፃው ዕቃ ስንት እንደፈጀ ሲጠየቅ ወሬ ይቀይራል። የአሜሪካ ዕቃ በ117 ቮልት ስለሚሠራ መርካቶ ወርዶ ከ220 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛ። ቮልቱ ተስተካከለ። ያልተስተካከለው ድግግሞሹ ነው፤ የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ የእኛ 50 ጊዜ ነው፤ ትራንስፎርመር ደግሞ ይህን አይለውጥም። ሞተሩ ከድግግሞሹ ጋር ስለሚሄድ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ 37 ተኩል ይዞራል። ሦስት ግማሽ ቃና ያህል ዝቅ ብሎ የብዙነሽ በቀለ ድምፅ ወደ ወንድ ይጠጋል፤ ሳክስፎኑ ያዛጋል፤ ሞቅ ያለው ዘፈን ወደ እንጉርጉሮ ያመራል።

በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ በወፈረች መቀየር ይበቃ ነበር፤ አንድ ብረት ቀራጭ በግማሽ ቀን ይሠራታል። ሰውዬው ግን አልፈለገም። እንግዶቹን ሰብስቦ ዓይኑን ጨፍኖ «አያችሁ የአምፑል ሙቀት? ድምፁ ወፈር ይላል!» ይላል። ማግናቮክሱ ፊት ለፊቱ ላይ በወርቃማ ፊደል «ሶሊድ ስቴት» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ቆሟል። አምፑል የለውም ማለት ነው። እንግዶቹ ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ናቸው፤ የቀረበው ክትፎ ግን ጥሩ ነበር።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ነው ምን አለሽ ተራ አንድ ሱቅ በር ላይ ሁለት ልጅ እግሮች በአንድ ራዲዮግራም ፊት ሲከራከሩ የቆምኩት። ዕቃው ውብ ነው፤ እንጨቱ ታሽቶ፣ ጨርቁ ተቀይሮ፣ እግሮቹ ጥቁር ተቀብተው ሙሽራ መስሏል። ጥላሁን ይዘፍናል። ባለ ጢሙ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ስማው እስቲ ብሮ። ይሄ አምፑል ነው። መሐሉን ስማው፣ አይወጋህም።»

ባለ መነጽሩ ጆሮውን አስጠጋ። «ትራንዚስተር ነው፣ አንተ። ባሱ እኮ ደረቅ ነው። አምፑል ቢሆን ይንገዋለል ነበር።»

«አምፑሉ እየበራ አይደል እንዴ! በቀዳዳው እየው!»

እውነትም በጀርባው ቀዳዳ ብርቱካናማ ብርሃን ይታያል። ባለ መነጽሩ ተንበርክኮ አየ፤ ነጭ ስኒከሩ ጭቃ ነካ፤ ግን አልተሸነፈም። «ብርሃኑ አምፑል ነው፤ ድምፁ ግን የትራንዚስተር ነው» አለ። ጽናቱን አደነቅኩ፤ ኋላ እንደታየው ከሁላችንም ለእውነት የቀረበው እሱ ነበር።

በዚህ መሃል ጥላሁን ድንገት ዝም አለ። ራዲዮግራሙ «ትሪሪሪም፣ ትሪሪሪም» ብሎ መጥራት ጀመረ። የሱቁ ልጅ ከውስጥ እየሮጠ ወጥቶ ኪሱን ዳበሰ፣ ስልኩን አወጣ፣ ነካ አደረገው። ከግሩንዲጉ ሆድ የሴት ድምፅ ጮክ ብሎ «ምሳ አልበላህም እንዴ? ሽሮው ቀዘቀዘ!» አለ። ተራው ሁሉ ሰማ። እውነት ለመናገር ድምፁ ጥርት ያለ ነበር።

ነጋዴው አልደነገጡም። በዕድሜ የገፉ፣ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ያደረጉ ሰው ናቸው፤ መጥተው የኋላውን ካርቶን በራሳቸው እጅ ከፈቱት። ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። መዳፍ የማታህል አንዲት የቻይና ብሉቱዝ ቦርድ በሁለት ብሎን ተጣብቃለች። ከጎኗ ሦስት የሞቱ የመስታወት አምፑሎች ቆመዋል፤ ሽቦ አልተቀጠለባቸውም፤ ከሥራቸው ግን የጣት ጫፍ የማያህሉ ብርቱካናማ ኤልኢዲዎች በርተው ያደምቋቸዋል። የመርካቶን ሰው በዚህ ብቻውን አትክሰሱት፤ ርካሽ የቻይና «ባለ አምፑል» ማጉያዎችም አምፑላቸው ሥር እንዲህ ዓይነት ኤልኢዲ ተገጥሞላቸው ከፋብሪካ ይወጣሉ።

«ጋሼ፣ አምፑል አለው ብለውን አልነበር?» አለ ባለ ጢሙ።

«አለው አላልኩህም እንዴ፣ ልጄ? ይኸው ሦስት። ቁጠራቸው።»

«አይሠሩማ!»

«ይሠራሉ ብዬህ አውቃለሁ? አለው ወይ አልክ፣ አለው አልኩ።»

ተሸናፊ መኖር ነበረበት፤ አልነበረም። ባለ ጢሙ ትንሽ አሰበና «ቢሆንም እኮ እንጨቱ ራሱ ድምፁን ያሞቀዋል» አለ። ባለ መነጽሩ «ብሉቱዝ ማለት ትራንዚስተር ነው፤ ልክ ነበርኩ» ብሎ ኩራቱን ያዘ፤ ከጓደኛው እኩል ዕቃውን ያደንቅ ጀመር። ከዚያ ባለ ጢሙ ከቦርሳው ሜትር አውጥቶ ርዝመቱን ለካ፤ ስልኩን ከፍቶ የሶፋውን ፎቶ ከእንጨቱ ቀለም ጋር አስተያየ። ቀለሙ ገጠመ። አምፑልም ትራንዚስተርም እዚያ ላይ አበቃላቸው። ክርክሩ ወደ ዋጋ ዞረ፤ በዋጋ ደግሞ ነጋዴው ከሁለቱም የተሻለ ጆሮ አላቸው። ሦስቱን የሞቱ አምፑሎች ለብቻቸው አስከፈሉ።

የቀረው ማጓጓዝ ነው። ቤቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ሁለት ተሸካሚዎች ተጠሩ። ጎልማሳው ወገቡን በሻሽ አጥብቆ፣ ለባለ አምፑል የሚሆን ትንፋሽ ስቦ፣ በአንድ በኩል ብድግ ሲያደርገው ሣጥኑ እንዳሰበው ሳይሆን ቀርቶ ደረቱ ድረስ ዘለለ። ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። መልሶ አስቀመጠው፣ አንዴ አንኳኳው።

«የኔ ወንድም፣ የዚህ ትራንስፎርመር ወልቋል። የድሮውን እኮ ስንሸከም ነው የኖርነው፤ ባለ አምፑሉ አራት ሰው ይፈልጋል፣ ባለ ትራንዚስተሩ ሦስት። ይሄ ባዶ ቁም ሣጥን ነው።»

ባለ መነጽሩ ፈጠን አለ። «እንግዲያው ቀላል ከሆነ ዋጋ ቀንስልን፣ አባቴ።»

ተሸካሚው ሻሹን እንደገና እያጠበቀ ከላይ እስከ ታች አየው። «የምናስከፍለው ለስፋቱ ነው፣ ወንድሜ። ደረጃው ላይ አይታጠፍም» አለና ጓደኛውን ጠራ።